በመጦሪያ ቤት ስላሉ አረጋውያን ምግብና ጤና የተነገረ



ሽማግሌና ባልቴት ድሮ የሚጦሩት በልጅ ቤት ነበር። ልጅ የሌለው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠግቶ ከዝክሩና ከተዝካሩ እየተካፈለ ይኖር ነበር። ዛሬ ግን ልጅ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር በመሄዱ፥ ከድህነትም የተነሣ፥ ወደ መጦሪያ ቤት የሚገባው አረጋዊ በዝቷል። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ ብቻ ብዙ ሺሕ ሰዎችን ይጦራል። ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ማዕድ የወጥ ቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የየደብሩም ጉዳይ ነው።

ሰው ወደ መጦሪያ ቤት ምግብ ይዞ የሚሄደው በበዓል፥ በልደትና በሙት ዓመት ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ቅቤ የበዛበት ወጥ ይቀርብና በማግሥቱ እንጀራው በጥቂት ሽሮ ይሆናል። የአረጋዊ ሆድ የግብር ሆድ አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚችለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቢቀርብለት ይሻለዋል። የድግሱ ገንዘብ ተከፋፍሎ ለወሩ ሙሉ ወተት፥ እንቍላልና ምስር ቢገዛበት፥ ለሰጪው ክብሩ ያነሰ ቢመስልም ለተቀባዩ ጥቅሙ ይበልጣል።

ሰው ሲያረጅ የሚበላው ያንሳል እንጂ ሰውነትን የሚጠግነው፥ ፕሮቲን የሚባለው፥ አያንስበትም። ሐኪሞች ለእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፤ 50 ኪሎ ለምትመዝን ባልቴት ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቍላል 6 ግራም ያህል፥ አንድ ብርጭቆ ወተት 7 ግራም ያህል ይሰጣል። ኵላሊቱ ለታመመ ግን ልኩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ይህ ምግብ ሲጐድል የክንድና የባት ሥጋ ይመነምናል፥ ጉልበት ይከዳል፥ ባልቴቲቱም ወድቃ ዳሌዋ ይሰበራል።

የጥም ስሜትም ከዕድሜ ጋር ይደክማል። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደኝ አጣለሁ ብሎ ፈርቶ ውሃ የሚተውም አለ። ድንገት መቀባዠር ሲጀምር እርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሰውነቱ በውሃ እጦት መድረቁን የሚያስብለት የለም።

ከጎዳና ተርቦ የመጣውን በመጀመሪያው ቀን አጥግቦ ማብላት ርኅራኄ ይመስላል፤ ሊገድለው ግን ይችላል። ለብዙ ቀን የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ፥ ፎስፌትና ፖታሲየም የሚባሉት ማዕድናት ከደሙ ይጐድሉና የልቡ ሥራ ይታወካል። ስለዚህ በሐኪም ዓይን ጥቂት በጥቂት ይጀመርለታል።

ከሁሉ የሚከብደው የጾም ነገር ነው። በዐቢይ ጾም ነርሷ ወተት ስታቀርብላት ባልቴቲቱ ፊቷን ታዞራለች፤ በመጨረሻ ዘመኔ ጾም ሽሬ ልሙት ወይ ትላለች። ለምእመናን የታዘዘው ጾም በዓመት 180 ቀን ያህል ስለ ሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ምስርና ሽንብራ ፕሮቲን አላቸው፤ ነገር ግን ቶሎ የሚጠግብ ሆድ የሚበቃውን ያህል አይቀበልም፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳ ምግብ ነው። ፍትሐ ነገሥት በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛውን ከግዴታው ይፈታዋል። እንግዲህ ካህኑ የሚሽረው ሕግ የለም፤ ያለውን ሕግ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ይነግራታል። የነርሷን ልመና ያልሰማች ባልቴት የንስሐ አባቷን ቃል ትሰማለች። ይህም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቢነገራት ይበጃል፤ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ግን የጠፋውን ጉልበት መመለስ ጭንቅ ነው። ይህ ሁሉ ተነግሯት እጾማለሁ ካለች ፈቃዷን በግድ መስበር አይገባም፤ ሰዓቱን ማሳጠር፥ ተልባና ለውዝ መጨመር፥ ቫይታሚኑንም ሐኪም እንዲያዝላት ማድረግ ይቻላል።

ለመጦሪያ ቤት ስጦታ የሚያስብ ደብር አስቀድሞ የሰው ሚዛን ይግዛ፤ ዋጋው ከአንድ በግ ያነሰ ነው። በየወሩ መዝኖ መጻፍ ነው፤ 50 ኪሎ የነበረች በአንድ ወር 2 ኪሎ ተኩል ከቀነሰች ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይያት። የሰንበት ተማሪዎችም ከመዝሙሩ ሌላ በምሳ ሰዓት ቢመጡ መልካም ነው። ብዙ አረጋውያን የሚከሱት ምግብ ጠፍቶ ሳይሆን ታግሦ የሚያጐርስ ሰው ስለሚያንስ ነው። የሚያጐርሰውም አረጋዊውን ቀና አድርጎ ያስቀምጠው፥ ጕርሻውን ያሳንስ፥ የፊተኛውን ሳይውጥ ሌላ አይጨምርበት፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቆይ።