ጌታ የሌላቸው ፈረሶች
(በሰቆጣ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ለዋግ ሰው ስለ ፈረስ መናገር ለቀባሪ ማርዳት እንደሚሆን አላጣሁትም። ዋግሹም ጓንጉል ወደ ዓድዋ የዘመቱት ከዚህ አገር ነው። ወንድሞቻችሁ የአዊ አገዎችም በ1932 ዓ.ም. ባቋቋሙት የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረስን ያከብራሉ። እነዚህ ግን ልጓምና ኮርቻ የሚያውቁ ናቸው። እኔ የማነሣው ጌታ የሌላቸውን ነው።

በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በጉርሱም አካባቢ፣ ቁንዱዶ የሚባል አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ አለ። ከፍታው ወደ 3 ሺሕ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ያለ እረኛ የሚኖሩ ፈረሶች በአገራችን ከተለዩት ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ከግራኝ ዘመን ጦርነት የተረፉ ናቸው የሚል አለ፤ ይህን ለታሪክ ሰዎች እንተወው። የሚያስጨንቀው በጣም ጥቂት መሆናቸው ነው። ሰውም እየያዘ ለሥራ ያገራቸዋል። ድኻ ገበሬ ያለ ዋጋ የተገኘ ፈረስ ቢይዝ ልወቅሰው አይቻለኝም፤ ነገር ግን ከጥቂት መንጋ አንዲት ባዝራ ስትወሰድ የሚወለዱት ግልገሎች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

ፎቶግራፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ባለቤት የሌለው እንስሳ ሲጠፋ «ጠፋብኝ» የሚል የለም። በግራም በቀኝም ጎኑ ፎቶ የተነሣ ፈረስ ግን በመልኩ፣ በግንባሩ ቦቃና በእግሩ ነጭ ይለያል፤ በዓመቱ «ዳማው የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ያገኛል። እጅ ሳይነካው ተቆጠረ ማለት ነው። ጥሩ ሥዕል ለማግኘት መንጋውን ማባረር ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። በአሜሪካ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚኖሩ ፈረሶችን መቅረብና መመገብ የተከለከለ ነው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ መኪና መንገድ ላይ ወጥቶ ይገጫልና።

በናሚብ በረሓ፣ ጋሩብ በሚባል ስፍራ፣ ለመሰል ፈረሶች የውኃ ገንዳ ተሠርቶላቸዋል፤ ድርቅ ሲበረታም ድርቆሽ ቀርቦላቸዋል። ይህን ስናገር አንድ አባት «ልጄ፣ እኛ ለሰው እህል ባጣንበት ዓመት ለማን ፈረስ ድርቆሽ እንሰጣለን?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ሰው ይቀድማል። ድርቆሽ አልለምንም። መቁጠር ግን እህል አይጠይቅም።

ከእናንተ በስተደቡብ በላስታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉ። በየደብራችሁ ደንና ገደል የሚታየውንም እናንተ ከእኔ ታውቃላችሁ። ስልክ ያለው ዲያቆን ያየውን እንስሳ ከሩቅ ያንሣ፤ ቀኑንና የቦታውን ስም ይጻፍ፤ ሥዕሉ ከሰበካው መዝገብ ጋር ይቀመጥ። በፌስቡክ ሲለጠፍ ግን የቦታው ስም ይቅር፤ አዳኝም ያነብባል።