የአማት ቤት

ዘመድ ቤት አድራችሁ የምትሰሙን ካላችሁ ድምፁን ቀነስ አድርጉት።

ቪ. ኤስ. ናይፖል እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው «የሚስተር ቢስዋስ ቤት» የሚያስቅ ልብ ወለድ ነው። ቦታው ትሪኒዳድ ደሴት፣ ሰዎቹ ለሸንኮራ እርሻ ከህንድ የመጡ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ቢስዋስ የማስታወቂያ ጽሑፍ ቀቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲቀባ ለባለሱቋ ልጅ ብጣሽ ወረቀት ጣል ያደርግላታል። ወረቀቷ እናትየው እጅ ገባች፤ እሱም ሳያስበው አማች ሆኖ ቁጭ አለ።

ጎጆ መውጫ የለውም። አማቱ ቤት ደግሞ እህትማማቾች ከነባሎቻቸውና ከነልጆቻቸው ታጭቀዋል። ታዲያ በምላሱ ይዋጋል፤ የሚስቱን ወንድሞች «አማልክቱ» እያለ ይጠራቸዋል። አንድ ቀን ምግቡን በመስኮት ቢደፋ ከታች የቆመው «አምላክ» ላይ አረፈ። ዱላው ቀረለት እንዳትሉ።

ለገና ለሴት ልጁ ትልቅ የአሻንጉሊት ቤት ገዛ። የሌሎቹ ልጆች ስጦታ ተራ ነበርና ቤቱ በኩርፊያ ታመሰ፤ በመጨረሻ የገዛ ሚስቱ የአሻንጉሊቱን ቤት ሰባበረችው። እኔ እንኳን አልፈርድባትም፤ ከእህቶቿ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

ከስንት ዓመት በኋላ ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ የራሱን ቤት ገዛ። በሮቹ አይገጥሙም፣ ከሰዓት ፀሐዩ አያስቀምጥም፣ ዕዳው ተከፍሎ አያልቅም። ከዘመድ ለመገላገል የገዛበትን ገንዘብ ያበደረውም የአክስቱ ባል ነው።