የአርሶ አደሩ ገንዘብና የአርሶ አደሩ ልጅ ትምህርት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ አረርቲ ከተማ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን ትምህርት ቤት ነው። ዩኒየን የሚቆመው መዝገብ መመርመር፣ ሚዛን ማንበብና ውል ገልጦ ማየት በሚችል አባል ነው፤ የነገው አባል ደግሞ ዛሬ አንደኛ ክፍል ተቀምጧል።

አርሶ አደሩ ለትምህርት ገንዘብ ማውጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመሬት ግብር ከፋዩ የትምህርት ግብርም አብሮ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። ገንዘቡ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይውላል ቢባልም አብዛኛው ትምህርት ቤት ከተማ ላይ ስለነበረ፣ ከፋዩ የገጠር ሰው፣ ተማሪው የከተማ ልጅ ሆኖ ኖረ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም የገበሬ ማኅበራት ሸክሙን ተካፍለዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ያለ ክፍያ አደረገ፤ ይሁንና ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ እንጨቱንና ጉልበቱን በየቀበሌው ያዋጣው ሕዝቡ ነው። «ነፃ ትምህርት» የሚለው ቃል ይህን ወጪ ሳይቆጥር የሚነገር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣሉ። ወረዳው ከዚህ በጀት ለትምህርት ከሚመድበው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የመምህራን ደመወዝ ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ያለ መምህር ትምህርት የለምና። ነገር ግን ደመወዙ ከተከፈለ በኋላ ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔና ለወንበር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ድጎማ መጣ። ያኔ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ተማሪ የተመደበው በዓመት 50 ብር ነበር። በእነዚህ ክፍሎች 600 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት ዓመቱን በሙሉ በ30,000 ብር ይብቃቃል ማለት ነው።

ውጤቱስ? በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ተፈታኞች 5.4 በመቶ፣ ከ2017 ተፈታኞች 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በክልሉ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ቤት አስቀርቷል።

ለዚህ ጉባኤ ነገሩን በዘር መመልከት ይቀላል። የዚህችን ከተማ ስም ይዞ በአገሪቱ የተሠራጨ «አረርቲ» የሚባል የሽምብራ ዝርያ አለ። ዘሩን የሚያውቅ ገበሬ ብቅለቱን ሳይፈትሽ ማሳውን አይሸፍንም፤ ያልበቀለውን በማዳበሪያ ሊያድን እንደማይችል ያውቃልና። በትምህርት በኩል ግን ሲቆጠር የኖረው የተዘራው ነው፦ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ክፍል ተሠራ። በ12ኛ ክፍል የታየው ጉድለት 2ኛ ክፍል ላይ ሳይበቅል የቀረው ነው።

ሌላው ነገር የራስ ነው፣ በመንግሥት የሚላከክ አይደለም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የጤፍ አረምና የሽምብራ ዘር ገና አላለቀም። ኅዳር ላይ አጨዳ ይገባል፤ ታኅሣሥና ጥር ውቂያ ነው፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተናም የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። ልጁን ለከብትና ለአውድማ የሚያስቀር አባወራ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ሰው አጥቶ ነው። ቢሆንም በዓመት ሁለት ወር የሚቀር ልጅ ጥሩ መምህር ቢኖረውም አያነብም።

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ፣ ለሥራ ማስፋፊያና ለማኅበራዊ አገልግሎት እንዲቀንሱ ያዝዝ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተተካው በአዋጅ ቁጥር 985 ሲሆን፣ ትምህርትና ለኅብረተሰብ ማሰብ በዚህም ከኅብረት ሥራ መርሆዎች መካከል ናቸው። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ እ.ኤ.አ. በ1844 በ28 ሰዎች የተመሠረተው ማኅበር እንኳ በኋላ ከትርፉ 2.5 በመቶውን ለአባላቱ ትምህርት ይለይ ነበር።

ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚለይ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ግንባታ ነው። ስም የሚጻፍበት ግድግዳ ስለሚታይ ሰው ይወደዋል፤ በልጅ እጅ አርጅቶ የሚቀደድ የንባብ መጽሐፍ ግን ምረቃ የለውም። ሆኖም ጣሪያው ካላፈሰሰ በስተቀር ቀዳሚው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉት የንባብ መጽሐፍ መግዛት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ቀጥሎ መሠረታዊ ማኅበራቱ የጤፍ መውቂያ ማሽን በጋራ ቢያቀርቡና በተለይ እማወራዎችና ሰው የሌላቸው አባላት በቅድሚያ ቢስተናገዱ፣ አውድማው ለልጁ ትምህርት የሚመለስበትን ቀን ያቀርበዋል። ይህ ከትርፍ ክፍፍሉ ጥቂት ይቀንሳል፤ የሚያጉረመርም አባልም አይጠፋም፣ ቅሬታውም መሰማት አለበት።

ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ በየቀበሌው ያለው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ተማሪ ቁጥር፣ የመጻሕፍቱ ብዛትና በታኅሣሥና በጥር የቀሪው ልክ አብሮ ይቅረብ። ርእሳነ መምህራኑ ቁጥሩን ከስም መጥሪያው አውጥተው መስጠት ይችላሉ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶችም ያግዛሉ።