ማንን ልጠይቅ?

በናይሮቢ፣ ከካሳራኒ የቲካን መንገድ ይዞ ለሚወጣ፣ ካሃዋ ዌስት ያለው የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ብዙም አይርቅም። ለካንሰር ታማሚ ግን ረጅሙ መንገድ የሚጀምረው በሩን ካለፈ በኋላ ነው። ናሙናው የት ይሰጣል? ውጤቱስ ማን እጅ ይገባል? የጤና መድኑ ሳይፈቅድ ኬሞ ይጀመራል ወይ? ስዋሂሊ ለማይሰማ ሐበሻማ ጭንቁ እጥፍ ነው።

ለእንዲህ ያለ ጭንቅ መላ ከተገኘ ቆይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ1990 በኒው ዮርክ ሃርለም፣ ቀዶ ሐኪሙ ሃሮልድ ፍሪማን ድሃ ሴቶች የጡት ካንሰሩ ከገፋ በኋላ እየመጡበት ቢቸገር፣ ታማሚውን ከምርመራ እስከ ሕክምና የሚያደርስ ሰው መደበ። ዛሬ ይህን ሥራ በብዙ አገር ነርሶች ይዘውታል። ሲስተር ትደውላለች፦ «እማማ፣ ሐሙስ ቀሩብኝ፤ ምን ገጠመዎት?» መልሱ ብዙ ጊዜ የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ገንዘብ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ማጣት፣ ወይም «ጸጉሬ ይረግፋል» የሚል ፍርሃት ነው። ሰልፍ የሚጠብቀው ሐኪም ይህን ሁሉ መቼ ይጠይቃል?

ለአዲስ የሕክምና ማሽን ሪባን ይቆረጣል፤ ለእንዲህ ያለች ሲስተር ቅጥር ግን ማን ያጨበጭባል!

ዛሬ ቀጠሮ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁን ሁሉ በአንድ ፌስታል ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊትም «ችግር ቢገጥመኝ ለማን ልደውል?» ብላችሁ ስምና ስልክ ተቀበሉ።