አንዲት ሐኪም የምትወዳቸው ፊልሞች
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ሲጋብዘኝ «ስለ ደም ግፊት ብትነግሪን» ብሎኝ ነበር። ግማሻችን የደም ግፊት ኪኒን በኪሳችን ይዘን በመጣንበት ቀን ስለ ደም ግፊት ማውራት ጭካኔ መሰለኝ። ስለዚህ አስፈቅጄ ስለ ፊልም ላወራ መጣሁ። የዶርም ጓደኞቼ አይገርማቸውም። በአናቶሚ ፈተና ዋዜማ ሲኒማ ኢትዮጵያ የተገኘሁት እኔ ነኝ፤ ውጤቴን አትጠይቁኝ።

ያደግኩት አዲስ ዓለም ነው። ወደ አምቦ ስትሄዱ ሆለታን አልፋችሁ የምታገኟት፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የተዉአት ከተማ ናት። በልጅነቴ የማውቀው ሲኒማ ቤት የለም፤ የማውቀው ቪዲዮ ቤት ነው። እሱንም ከውጭ ነው የማውቀው። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል፣ በሩ ላይ በጠመኔ «ዛሬ ኮማንዶ» የሚል ጽሑፍ። ሴት ልጅ አትገባም። የከለከለ ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ገብታ የወጣች ልጅ ወሬዋ ቀድሟት ቤት ስለሚደርስ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ግን ይገባል። ማታ እናታችን እንጀራ ስትጋግር ምድጃው ዳር ተሰብስበን ያየውን ይተርክልናል። ጥይቱን በአፉ፣ ፈረሱን በእጁ እየመታ። ብሩስ ሊን ሊያሳየን ሲል ሁለት ሲኒ ሰብሯል። እንግዲህ የፊልም ፍቅሬ የጀመረው ምንም ፊልም ሳላይ ነው።

ከሁሉ የምወደው «ሾሌ»ን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራ የህንድ ፊልም ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጋባር የሚባል ሽፍታ ሁለት እጁን የቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ፣ ይህን ሽፍታ እንዲይዙለት ጃይና ቪሩ የተባሉ ሁለት ሌቦችን ይቀጥራል። (እጅ የተቆረጠበት ሰው ደሙ ፈስሶ እንዴት አልሞተም ብዬ የጠየቅኩት ያኔ ነው። ወንድሜ «አንቺ ሐኪም ልትሆኚ ነው እንዴ?» አለኝ።) ጃይ ሲቸግረው ሳንቲም ወርውሮ ነው የሚወስነው። በወንድሜ ትረካ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ጓደኛሞች በሰላም ተመልሰው በአንድ ቀን ይዳራሉ።

ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ካሴቱን አግኝቼ ራሴ አየሁት። ጃይ ይሞታል! ጓደኛውን አስመልጦ ድልድዩ ጋ ብቻውን ቀርቶ ሲዋጋ ቆስሎ፣ በጓደኛው እቅፍ ውስጥ ይሞታል። ሳንቲሙም ሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ለካ ሲያታልል ነው የኖረው፤ ለመቅረት የወሰነውም ገና ሳይወረውረው ነው። ደውዬ ጮኽኩበት። «ታለቅሻለሽ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ከአስቂኝ የቻፕሊንን «የከተማ መብራቶች» የሚያህል የለም። ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ ታክማ ማየት ከቻለች በኋላ ውለታ የዋለላትን ሰው የምታውቀው እጁን ስትዳስሰው ነው። ሕመምተኛ ሳንነካ ምርመራ ወረቀት ላይ ብቻ ለምናፈጥ ለእኛ ጥሩ ትምህርት ነው። ከፍቅር «ታይታኒክ»ን፣ ሳንቃው ለሁለት ይበቃ ነበር የሚለው ክርክሬ እንደተጠበቀ ሆኖ። አስፈሪ ፊልም አልወድም፤ ተረኛ ሆኜ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ይበቁኛል። «ድፍረት»ን ጠለፋ ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ያላችሁ አሳዩ። ስለ ፌስቱላ ታካሚዎች የተሠራውን «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ኢንተርኖቼ እንዲያዩት አደርጋለሁ፤ ገና መንገድ ላይ ሳለች ምን እንደደረሰባት ሳያውቁ «ለምን ዘገየሽ?» ብለው እንዳይቆጧት።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ረዘም ይላል፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው ግን በከንቱ አይደለም። ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰውን አንበርብርን ሳይ፣ ከውጭ በመጣችሁ ቁጥር ለቤተሰብ ጥያቄ መልስ የምታጡትን የክፍል ጓደኞቼን አያችሁ ብዬ አስባለሁ።

የሚቀጥለውን የምነግራችሁ ወንድሜን አስፈቅጄ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲወጣ እኔ ጥቁር አንበሳ ዋርድ መግባት የጀመርኩ ተማሪ ነበርኩ። ወንድሜ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ መጥቶ አብረን ገባን። ፊልሙ ስለ ኤች አይ ቪ ነው። ያን ጊዜ የእኛ ዋርድ ምን ይመስል እንደነበር እዚህ ላላችሁት አልነግራችሁም። ስንወጣ እንደ ልማዱ ፊልሙን እንደገና ይተርክልኛል፣ መጨረሻውንም ያሳምረዋል ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለ። ታክሲ ተራ ስንደርስ «እኔም አለብኝ» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «አይዞህ፣ አሁን እኮ ቀላል ሆኗል» አልኩት። ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱ በገንዘብ ነበር። ሱቁን ከነዕቃው ቢሸጥ ለስንት ወር እንደሚበቃው ታክሲው ውስጥ ሆኜ ሳሰላ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሲዲ ፎሩ ከመቶ በታች ወርዶ፣ ልብሱ ከላዩ እየወለቀ ነው የደረሰበት። ደረሰበት ግን። ዛሬ ሽበት አውጥቷል፤ የደም ግፊቱንም የምለካው እኔ ነኝ።

ያቺን ውሸቴን በሌላ ሰው አፍ የሰማኋት ከዓመታት በኋላ፣ የአኪራ ኩሮሳዋን «ኢኪሩ» ሳይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1952 ፊልም ነው። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሆዱን ሊታይ ሄዶ ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠ ሕመምተኛ ያጫውተዋል፦ «ቀላል ቁስለት ነው፣ የተስማማህን ብላ ካሉህ ካንሰር ነው ማለት ነው» ይለዋል። ገባ። ሐኪሙም አንድ በአንድ ያንኑ አለው። የሰውየው ፊት! ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እኔ ታክሲ ተራ ላይ የወንድሜን ፊት አላየሁም፤ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ለታማሚው ለራሱ ለመናገር እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም። ልጆቿ ኮሪደር ላይ እጄን ይዘው «ዶክተር፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ሲሉኝ፣ ወንድሜ ጃይን ያዳነበት ምክንያት ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ምን እንደምመልስ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የምታውቁ ካላችሁ ሻይ ላይ ንገሩኝ።

ባለፈው ሳምንት ለፈቃዱ ስደውልለት «ንገሪያቸው፣ ምን አለበት» አለኝ። ቀጥሎም «ሾሌን እንዴት አድርገሽ ጨረስሽው?» አለ።

«እንደ ፊልሙ» አልኩት።

«ተሳስተሻል» ብሎኝ ደንበኛ መጣብኝ አለና ስልኩን ዘጋው።