ጋቢና ውስጥ ያለ ካሜራ

አቅራቢዋ፦ የከባድ መኪና ሹፌሮች ፏፏቴ ፎቶ ያነሳሉ ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

አቅራቢው፦ የምሬን ነው እንጂ! ባለፈው ነሐሴ ከአንዱ ጋር ጋቢና ተቀምጬ ጋይንትን አቋርጫለሁ። ከደብረ ታቦር ስትወጪ የጉና ተራራ ጉም ለብሷል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ አይደል? ንፋስ መውጫን አልፈን ወደ ጨጨሆ ስንጠጋ ግን ከገደሉ ላይ ውሃ እንደ ነጠላ ጥለት ተንጠልጥሏል። ሹፌሩ ዳር ያዘ፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ሹፌሩ ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና ሦስቴ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

አቅራቢዋ፦ ፏፏቴው ስም አለው?

አቅራቢው፦ ጠየቅኩት፤ «የክረምት ውሃ» አለኝ፣ በቃ። እዚያ አብዛኞቹ ፏፏቴዎች ዝናቡ ሲያባራ የሚጠፉ ናቸው። ጎብኚው ደግሞ የሚመጣው በበጋ ነው፤ እና የጭነት መኪና ሹፌሩ ካላነሳው ማን ያነሳዋል?

አቅራቢዋ፦ ለእኔስ ከፏፏቴ ይልቅ ከስማዳ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው ገደል ይበልጥብኛል። ጢስ ዓባይንማ ሁሉም አንስቶታል። ግን መሪ ጨብጠው የሚቀርጹትን ምን ትላቸዋለህ?

አቅራቢው፦ እሱ እብደት ነው! በዚያ መንገድ ኩርባ ላይ ሁለት እጅም አይበቃም።

አቅራቢዋ፦ ሹፌሮቻችን፣ በእስቴም ሆነ በጋይንት ስታልፉ መጀመሪያ መኪናውን አቁሙ። ፎቶውን ስትልኩልን ደግሞ የቦታውንና የወሩን ስም ጻፉበት።