ትምህርቱ እስከ መጨረሻው ወንበር እንዲደርስ
(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዲጂታል ትምህርት እንድናገር ስጠየቅ አንድ ጓደኛዬ «ከግምጃ ቤት መጥተህ ስለ ዲጂታል?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ የሚፈተነው እንደ ግምጃ ቤት ባለው ቦታ ነው። መብራትና ኔትወርክ በማይጠፋበት ቢሮ ተቀምጦ የተዘጋጀ ትምህርት እዚያው ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ ይሠራል።

አብዛኞቻችን የፕላዝማ ልጆች ነን አይደል? በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መሰጠት ሲጀምር፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ በየክፍሉ ይደርስ ነበር። መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይላል፤ እርሳሳችንን ሳንቀርጽ መልሱን ነግሮን ያልፋል። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ሳተላይቱ የኛን ትምህርት ቤት አይጠብቅም።

ፕላዝማን መተቸት ዛሬ ቀላል ነው። ላቦራቶሪ ያልነበረን ልጆች የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይናችን ያየነው በሱ መሆኑን ግን መርሳት የለብንም። ችግሩ ከመሣሪያው አልነበረም። ስክሪኑ በየክፍሉ ተሰቅሎ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አይቆምም፣ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ያልገባውን ልጅ አይጠይቅም። እንግሊዝኛው የቀለለለት ተከተለው፤ ሌላው ግድግዳ ሲያይ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ሄደ። በዚያው ዓመት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ጸደቀ። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይወስዳል። በዚያው በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፋይል በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ዛሬ ተማሪው ጋ የሚደርሰው ምንድን ነው? ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት የተከራየ ልጅ አስቡልኝ። ዓርብ ወደ ቤተሰቡ ይወጣል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስልኩ የሦስቱም ነው፤ ስክሪኑም የተሰነጠቀ። ቤቱ አውኚ ያወራል፤ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያልገባውን ጓደኛውን የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። የሚላክለት ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፍ ፎቶ ነው። አንድ መቶ ገጽ በስካነር ተነሥቶ፣ አንዳንዱ ገጽ ተጣሞ፣ የአንባቢው አውራ ጣት ጭምር አብሮ ወጥቶ። ለማውረድ ሙሉ የቀን ጥቅሉን ይበላል። ያው ጽሑፍ በትክክል ቢተየብ ክብደቱ የዚያን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር።

አሁን ከጎኑ ዓይነ ስውር የሆነች ተማሪ አስቀምጡ። በየዩኒቨርሲቲው አሉ፤ እዚህ ያላችሁ መምህራን አስተምራችኋቸዋል። ለኮምፒውተር «ኤንቪዲኤ» የሚባል በነፃ የሚገኝ አንባቢ ፕሮግራም አለ፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ «ቶክባክ» አለ። የአማርኛ ድምፃቸው ገና ሻካራ ነው፤ ለጆሮ ይከብዳል። ቢሆንም ፊደሉን ካገኙት ያነቡታል። የገጽ ፎቶ ግን ለነሱ ሥዕል ነው፤ ያቺ ተማሪ ከዚያ መቶ ገጽ የምትሰማው ዝምታ ነው። ጓደኛዋ ጊዜ አግኝቶ እስኪያነብላት ትጠብቃለች። ፈተናው ግን አይጠብቃትም።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለዓይን «ሀ» ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከሥሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው። በዚህ ዓይነት ፎንት የተተየቡ ማስተማሪያዎች ዛሬም በየትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በየዓመቱ ሽፋናቸው እየተቀየረ ይባዛሉ። አንባቢ ፕሮግራሙ እነሱን ሲያገኝ የሚያወጣው ትርጉም የሌለው ጩኸት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከፋይሉ አንድ አንቀጽ ቅዱና ወደ ስልካችሁ መልእክት ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው። የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝባዝንኬ ከሆነ፣ ያ ጽሑፍ ለዓይነ ስውር ተማሪ አልተጻፈም።

ልብ በሉ፤ ለዚያች ተማሪ ብለን ፋይሉን ብናስተካክል መጀመሪያ የሚጠቀመው ያ ስንቅ ተሸካሚው ልጅ ነው። ፋይሉ ይቀልለታል፤ በትንሹ ስክሪን ላይ ፊደሉን ያሰፋዋል፤ ያልገባውን ቃል ይፈልጋል፤ ያለ ኢንተርኔትም በብሉቱዝ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል። በሚገባው ፍጥነት ያነባል፤ ሲያሻው ይመለሳል። ፕላዝማ የነፈገን ይህንን ነበር። ቪዲዮ የምትሠሩም እንደዚሁ፤ የተናገራችሁትን ከሥሩ ጽፋችሁ አያይዙት። መስማት ለተሳነው ተማሪም ይደርሳል፤ ቪዲዮውን ለማውረድ አቅም ላጣውም እንዲሁ።

ሕጉ አለን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ማየት ለተሳናቸው መጻሕፍትን በሚመች መልክ ማዘጋጀት የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትም ተቀብላለች። የጎደለው ተቀምጦ የሚተይብ ሰው ነው። ታብሌት ለመግዛት ገንዘብ እንሰብስብ የሚል ሐሳብ በማኅበራችን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ አልቃወምም። ግን ታብሌቱ ላይ የሚጫነው ያው የተጣመመ ፎቶ ከሆነ ገንዘባችን ለፎቶ ማሳያ ዋለ ማለት ነው። ቅድሚያ ለጽሑፉ ይሰጥ እላለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚሰጣቸው ሞጁሎች አንዱን ይምረጥ። ከኛ ከምሩቃኑ አምስት አምስት ሰው አንድ ሞጁል ይካፈል፤ በሰው ሃያ ገጽ ቢደርሰን ነው። የጻፉት መምህር ያርሙት፤ ከዚያ አንባቢ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ተማሪዎች ሰምተው የት የት እንደሚደናቀፍ ይንገሩን። ሠንጠረዥና ቀመር ያለበት ገጽ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከሒሳብ አንጀምር።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ እዚሁ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሞጁላችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ፕሮግራሙን ከፍተን አብረን እንስማው።